ሞላሰስ ይዋሻል?

ሞላሰስ የፊት እግሩን በኬዝያ ጉልበት ላይ አሳረፈ። ቀና ስትልለት ዞር ብሎ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ጥቂት ሄደና፣ መጣች አልመጣች ብሎ ወደ ኋላው ተመለከተ። በሁለቱ ቋንቋ ይህ «የሆነ ነገር ጮኋል፤ ነይ ላሳይሽ» ማለት ነው።

ኬዝያ የሒሳብ ደብተሯን ትታ ተከተለችው። ሞላሰስ ማጠቢያ ማሽኑ ፊት ቁጢጥ ብሎ ወለሉን በጅራቱ ይጠርግ ጀመር። ማሽኑ ቆሟል። ሲጨርስ እንደሚጮህ ታውቃለች፤ የጮኸው አሁን ይሁን ወይስ ቀደም ብሎ ግን በምን ታውቃለች? ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አንድም ድምፅ አስገብቶላት አያውቅም። እንደ ልማዷ በበሩ ብቅ ብላ የጓደኛዋን የማርሊን ፊት አየች።

ማርሊ ቀይ ጸጉሯን ጠቅልላ ኩሽና ውስጥ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅላ ዳቦ በቅቤ ትገምጥ ነበር። በተረፋት እጇ በምልክት፣ «ምንም አልጮኸም» አለች።

«ማሽኑ ቆሟል እኮ።»

«ከቆመ ቆየ። ያኔ ጮኋል፤ አሁን ጸጥ ነው። አቦ፣ ይሄ ውሻሽ እየፎገረሽ ነው።»

ኬዝያ ወገቧ ላይ ወዳሰረችው ከረጢት የላከችውን እጇን መለሰች። ከረጢቱ ውስጥ የደረቀ የካንጋሮ ሥጋ በትንንሹ ተቆራርጦ ተቀምጧል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ውሻው ድምፅ ሰምቶ ሲነግራት ይበላል፤ ድምፅ ሳይኖር መጥቶ ከነካት አይበላም። ድምፅ መኖር አለመኖሩን የሚያረጋግጠው ደግሞ የሚሰማ ሰው ነው፤ እሱም ማርሊ ናት። ሞላሰስ ከረጢቱን አየ፣ ኬዝያን አየ፣ ከዚያ ጆሮውን ጥሎ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

ሰሞኑን ይህ ሲደጋገም ነው። ቅዳሜ ዕለት የምድጃው ደወል ጮኋል ብሎ ወሰዳት፤ ማርሊ አልጮኸም አለች። እሑድ ስምሽን ጠርተውሻል ብሎ ከመኝታ ቤት ጎትቶ አወጣት፤ ማርሊ ትከሻዋን ነቅንቃ «ማንም አልጠራሽም» አለች። ከወር በፊት እንከን የማይወጣለት ውሻ ምን ነካው?

ሞላሰስ ከአሰልጣኝ ቤት የመጣ ውሻ አይደለም። በአጎቷ የሸንኮራ እርሻ ላይ አይጥ ሲያሳድድ ያደገ፣ ቀለሙ እንደ ስሙ፣ እንደ ስኳር አተላው፣ ጥቁር ቡናማ የሆነ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ የቤት ውሻ ነው። ሥራውን የጀመረው ማንም ሳያስተምረው ነበር፤ የእናቷ መኪና ደጅ ሲደርስ እየሮጠ ለኬዝያ ይነግራት ነበር። እናቷ ቬርና ይህን አይታ አጠያየቀችና፣ ሰዎችን ከገዛ ውሻቸው ጋር የሚያሠለጥኑ ሴት ታውንስቪል ከተማ ውስጥ አገኘች። ስማቸው ግሌኒስ ነው፤ ዝምድና ባይኖራቸውም ኬዝያ «አክስቴ» ትላቸዋለች። በወር አንድ ቀን እነኬዝያ ወደሚኖሩባት ወደ ሆም ሂል ይመጣሉ፤ በተረፈው ጊዜ በስልክ ምስል ይነጋገራሉ። ሞላሰስ የሚፈተንበት የቤት ውስጥ ፈተና የፊታችን ቅዳሜ ነው።

ፈተናው ለኬዝያ ቀላል ነገር አልነበረም። የሸንኮራ ቆረጣው ስለተጀመረ እናቷ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በስኳር ፋብሪካው የማታ ፈረቃ ትገባለች። ባለፈው ዓመት በዚህ ወቅት ኬዝያ ማርሊ ቤት ነበር የምታድረው፤ ልብሷ በቦርሳ፣ የጥርስ ብሩሿ በሰው መታጠቢያ ቤት፣ ሞላሰስ ደግሞ እዚህ ብቻውን። የማርሊ ቤት ክፉ ሆኖ አይደለም። ግን አሥራ አራት ዓመት የሞላውን ሰው እንደ ሕፃን አደራ ሲሰጡት ያማል። ዘንድሮ እናቷ ቃል ገብታለች፤ ሞላሰስ ካለፈ ኬዝያ እናቷ እስክትመለስ በገዛ ቤቷ ታመሻለች፣ በገዛ አልጋዋ ትተኛለች። ከወደቀ ቦርሳዋን ታነሳለች።

በዚያው ምሽት አክስት ግሌኒስን በስልኩ ምስል አገኘቻቸው። ወላጆቻቸው መስማት የተሳናቸው ስለነበሩ እጃቸው ከኬዝያ እጅ ይፈጥናል።

«ሞላሰስ ውሸት ጀምሯል» አለች ኬዝያ። «ምንም ሳይጮህ ይመጣል።»

«ሲመጣ ምን ትሰጪዋለሽ?»

«ምንም። ማርሊ አልጮኸም ካለች አልሰጠውም።»

አክስት ግሌኒስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ስሚኝ ልጄ። ውሻ ያለ ደመወዝ አይዋሽም። ዋሸ ካልሽ ማን እንደከፈለው ፈልጊ። የከፈለው ከሌለ አልዋሸም ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን ይመጣል?»

«እሱን የምታውቁት እዚያ ያላችሁት ናችሁ።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አንድ ነገር ግን እወቂ፤ እውነቱን ተናግሮ ተናግሮ የሚያምነው ያጣ ውሻ መናገሩን ይተወዋል። ያን ጊዜ እኔም አልመልሰውም።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ኬዝያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ለሞላሰስ ማንም አልከፈለውም። እንግዲያ አልዋሸም። እሱ ካልዋሸ ደግሞ… ሐሳቧ እዚህ ደርሶ እምቢ አለ።

ኬዝያ ሰሚ ሰዎችን መጠርጠር ያስተማራት የለም፤ ኑሮ ነው ያስተማራት። የበዓል ማዕድ ላይ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሲስቅ «ምን ተባለ?» ብላ ብትጠይቅ፣ «ምንም አይደል፣ በኋላ እነግርሻለሁ» ይሏታል። ያ «በኋላ» መጥቶ አያውቅም። ክፍል ውስጥ አስተማሪው ቀልዶ ተማሪው በሳቅ ሲንፈራፈር፣ በእሷ ሙድ እየያዙ ይሁን አይሁን አታውቅም። አንድ ሰው ብቻ ነበረች «በኋላ» የማትላት፤ ማርሊ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የምልክት ቋንቋውን ከእሷ እየለቀመች ተማረች፤ ቀልዱንም ሐሜቱንም ስድቡንም ሳታስቀር ትነግራታለች። ኬዝያ ሁሉን ልትጠረጥር ትችላለች፤ ማርሊን ግን ከጠረጠረች ምን ይተርፋታል?

ስለዚህ እናቷን ጠረጠረች። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷና ማርሊ አጥሩ በር ላይ ቆመው ሲያወሩ አገኘቻቸው። ሁለቱም የምልክት ቋንቋ ያውቃሉ፤ የሚያወሩት ግን በአፋቸው ብቻ ነበር፤ እጃቸው ተንጠልጥሏል። ሲያዩዋት አቆሙ። እናቷ ፈገግ ብላ፣ «ባይሳካም አትዘኚ እሺ? የሚቀጥለው ዓመት አለ» አለቻት። ያልተፈተነን ሰው ገና ከአሁኑ ማጽናናት ምን ይሉታል? ምናልባት እናቷ ብቻዋን እንድታመሽ አትፈልግም ይሆናል። ምናልባት ማርሊን «ውሻው ዋሸ በይልኝ» ብላት ይሆናል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና ኬዝያ በዚያ ቀን እራቷን የበላችው የእናቷን ዓይን እየሰለለች ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከከተማው ጥግ ያለው የሸንኮራ ማሳ ተቃጠለ። ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉን ያቃጥሉታል፤ ያን ቀን ጥቁር አመድ በየቤቱ ላይ ይወርዳል፤ ልብስ ያሰጣ ሁሉ ይሯሯጣል። ኬዝያ የእናቷን ትእዛዝ አክብራ በረንዳውን ጠራርጋ ገባች፤ ከዚያ ከማርሊ ጋር ለጂኦግራፊ ፈተና ማጥናት ጀመሩ። ኬዝያ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ነበር የተቀመጠችው።

ብዙም ሳይቆይ ሞላሰስ መጥቶ ጉልበቷን ነካት፤ ወደ ፊት ለፊቱ በር አየ። ኬዝያ ወዲያው ወደ ማርሊ ዞረች።

ማርሊ ራሷን ነቀነቀች። «ምንም የለም። አንብቢ ባክሽ፣ ነገ ፈተና ነው።» ከዚያ ተነስታ መጋረጃውን ሳበች። «አመዱ እየገባ ነው» አለች።

ሞላሰስ እንደገና ነካት፤ በዚህኛው ጊዜ ጥፍሩ እስኪሰማት። ኬዝያ አልተነሳችም። ውሻው እስከ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። በመጨረሻ ግድግዳውን ተደግፎ ተኛ። ኬዝያ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ አንብባ ምንም አልገባትም።

ማርሊን ልትሸኛት በሩን ስትከፍት የጠረገችው በረንዳ ላይ ስስ ጥቁር አመድ ተነጥፎ ነበር፤ አመዱ ላይ ደግሞ ዱካ አለ። ከደረጃው እስከ በሩ የመጣ፣ በሩ አጠገብ ተራግጦ የቆመ፣ ተመልሶ የወረደ የነጠላ ጫማ ዱካ። ከእያንዳንዱ ዱካ ጎን ክብ ነጥብ አለ፤ የከዘራ ጫፍ።

ማርሊም አየችው። በጫማዋ ረግጣው አለፈችና እጇን ለስንብት አውለበለበች።

በሆም ሂል ከዘራ የሚይዝ ሽማግሌ ብዙ ነው፤ በዚህ ጎዳና ላይ ግን ጎረቤታቸው አጎቴ ሶሊ ብቻ ናቸው። ኬዝያ ሐሙስ ከፈተናው እንደተመለሰች አጥራቸው ጋ ሄደች። ሽማግሌው የፓፓያ ዛፎቻቸውን ሥር ይኮተኩቱ ነበር። ከምልክት ቋንቋ የሚያውቁት ጥቂት ቃል ነው፤ የቀረውን በከንፈራቸውና በመላ ሰውነታቸው ይሞሉታል።

«ትናንት እኛ ቤት መጥተው ነበር?» ብላ በጣቷ ወደ ቤታቸው አመለከተች።

አጎቴ ሶሊ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ የበሰለ ፓፓያ አንስተው አሳዩዋት፤ ያንን ሊያደርሱላት ነበር። ከዚያ አየሩ ላይ ደወል ተጫኑ፤ አንዴ፣ ቆዩ፣ ደግመው ተጫኑ። በመጨረሻ መጋረጃ የሚስብ ሰው ሆኑ፤ አንዲት ልጅ በመስኮት አይታቸዋለች፤ እጇን ወደ ውጭ ወዝወዝ አድርጋ «አሁን አይደለም» ብላቸዋለች። ጸጉሯ ቀይ መሆኑን ለመንገር የገዛ ሽበታቸውን ያዙና ቀይ የአትክልት ባልዲውን በጣታቸው አሳዩዋት።

ኬዝያ ፓፓያውን ተቀብላ አመሰገነች። ወደ ቤት ስትመለስ ሞላሰስ በሩ ላይ እየጠበቃት ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አንገቱን አቀፈችና አለቀሰች። ከመናደዷ በላይ አፍራለች፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ እውነቱን ለነገራት ውሻ ፊት ነስታዋለች። ሥጋውን ከከረጢቱ እየዘገነች ሰጠችው። ሞላሰስ ቸል ብሎ ሁለቱን ብቻ በላ። ምን ሠርቶ እንደተከፈለው አልገባውም።

ዓርብ ዕለት ማርሊ ቤት ሄደች። የማርሊ እናት በሆቴል ኩሽና ውስጥ ሥራ ላይ ነበረች፤ አባቷ ለሥራ ወደ ሩቅ ማዕድን ማውጫ እንደሄደ ከፋሲካ ወዲህ አልተመለሰም። ማርሊ በሩን ከፍታ ሳቀችላትና ወደ መኝታ ክፍሏ መራቻት። ከማርሊ አልጋ ጎን ወለሉ ላይ ባለፈው ዓመት ኬዝያ ትተኛበት የነበረው ፍራሽ ተነጥፏል። አንሶላው አዲስ ነው። ትራሱ ላይ ያኔ የምትጠቀምበት ቢጫ ፎጣ ታጥፎ ተቀምጧል።

ኬዝያ አልተቀመጠችም። «አጎቴ ሶሊ ረቡዕ ደውለው ነበር» አለች። «ሁለት ጊዜ። አንቺ በመስኮት አይተሻቸዋል።»

ማርሊ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው አለቀባት። «ሼባው ቀኑ ተምታቶባቸው ይሆናል።»

«አትፎግሪኝ። ዱካውን አብረን ነው ያየነው።»

ለሰሚ ሰው ዝምታ አፍን መዝጋት ነው፤ ማርሊ ግን እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ማጠቢያ ማሽኑስ?» ኬዝያ ጠየቀች። «ምድጃውስ? ስሜ የተጠራውስ?»

እጆቹ ቀስ ብለው ወጡ። «ሁሉም ጮኸዋል። ስምሽንም ጠርቼሻለሁ።»

«እማዬ ናት እንዲህ በይ ያለችሽ?»

«አይ! እሷ ውሻው እንዴት ነው ብላ ነው የጠየቀችኝ። እሷንም ዋሸኋት፤ ደካማ ነው አልኳት።» ማርሊ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። «ባለፈው ዓመት ይሄ ቤት ሰው ነበረበት። አንቺ ስላለሽ እማዬ እራት ታበስል ነበር፤ አሁን ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ትታልኝ ነው የምትሄደው። ውሻው ካለፈ ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጆሮሽ እኔ ነኝ። አሁን ያ አይጥ አሳዳጅ መጥቶ…»

«ሁሉንም ሰው አጣራለሁ» አለች ኬዝያ። «እናቴን ሳይቀር። ሳላጣራ የማምነው ያንቺን ብቻ ነበር።»

ማርሊ አቀርቅራ ስለነበር ያንን አላየችውም። ኬዝያ ትከሻዋን ነካ አድርጋ ቀና እስክትል ጠበቀችና እንደገና ነገረቻት። ማርሊ ይህን ጊዜ አለቀሰች።

«ለእናትሽ ትነግሪያታለሽ?»

ኬዝያ ወደ በሩ ዞረች። ብትነግራት ማርሊ የእነኬዝያን ደጃፍ ዳግመኛ እንደማትረግጥ ታውቃለች፤ እናቷ በልጇ ከመጡባት አትምርም። ባትነግራት ደግሞ ነገ ደወሉን የምትደውለው ያቺው ማርሊ ናት። በፈተናው ደንብ ደዋዩ ከቤተሰብ ውጭ የሆነና ውሻው የሚያውቀው ሰው መሆን አለበት። አጎቴ ሶሊን ብትለምናቸው እሺ ይሏት ነበር። ልትለምናቸው መንገድ ጀምራም ነበር፤ አጥራቸው ጋ ስትደርስ ግን አልፋ ወደ ቤቷ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አክስት ግሌኒስ መጡ። ከእሳቸው ኋላ ማርሊ በደረጃው ወጣች፤ ዓይኗ ያበጠ፣ ጸጉሯ ግን በደንብ የተበጠረ ነው። ኬዝያ ትመጣለች ብላም አትመጣም ብላም ስላልወሰነች አይታት ምን እንደተሰማት አላወቀችም።

አክስት ግሌኒስ ሥርዓቱን አስረዱ። አራት ድምፆች ይኖራሉ፤ የምድጃ ደወል፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ፣ ስሟ፣ የበር ደወል። ሦስቱን ከነገራት ያልፋል። ስሟን ከጀርባዋ ሆና የምትጠራውም በሩን የምትደውለውም ማርሊ ናት። የሚሰሙ ሰዎች ፊታቸውን እንዳይለውጡ ተባሉ። ቬርና በልማድ እጇ እንዳይናገርባት ሁለቱንም ከታፋዋ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው።

የምድጃውን ደወል ሞላሰስ ነገራት። ትንሽ ዘግይቶ ነው፤ ግን መጥቶ ነካት፣ መርቶም ወሰዳት። ለጭስ ማስጠንቀቂያው እንደተማረው ነክቷት እዚያው በሆዱ ተለጠፈ፤ ይህ «ወደ ድምፁ አትሂጂ፣ ውጪ» ማለት ነው። ኬዝያ ሥጋውን ስትሰጠው እጇን ሁሉ ላሰላት።

ከዚያ ቆዩ። ሞላሰስ ጆሮውን ቀና አደረገ፣ ኬዝያን አየ፣ መጣና አንድ እግሩን ቀስ ብሎ ጉልበቷ ላይ አሳረፈ። የኬዝያ ዓይን ሳታስበው ወደ ማርሊ ሄደ። የማርሊ ፊት እንደ ግድግዳ ነበር። ጠርታኛለች? አልጠራችኝም? ትናንት አልቅሳ ዛሬም እየሸወደችኝ ይሆን? ኬዝያ ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነስታ ቆመች፣ ተመልሳም ተቀመጠች። ሞላሰስ እግሩን አነሳ። የእሷን ዓይን ተከትሎ እሱም ማርሊን አየ፤ ከዚያ ሄዶ መሃል ወለሉ ላይ ተኛ።

አክስት ግሌኒስ እጃቸውን አነሱ። «ይሄኛው አልተያዘም።»

«ጠርታኝ ነበር?» አለች ኬዝያ።

«ጎረቤት እስኪሰማ ነው የጠራችሽ። ውሻው ነግሮሻል። አንቺ ግን ሌላ ሰው ጠየቅሽ።» አልተቆጡም። «አየሽ፣ እሱም ከአንቺ ነው የሚማረው። አንቺ የማታምኚውን ነገር እሱ ለምን ብሎ ያምነዋል?»

ቬርና ከታፋዋ ሥር አንድ እጇን ልታወጣ ስትል አክስት ግሌኒስ በዓይናቸው መለሷት። የቀረው የበሩ ደወል ነው። ማርሊ ማንንም ሳታይ ተነስታ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ከመቀመጫዋ በመስኮቱ በኩል የማርሊ ትከሻና ቀይ ጸጉሯ ለኬዝያ ይታያታል፤ አንገቷን ትንሽ ብታዘነብል እጇም ይታያታል። ደወሉን ስትጫን ማየት ትችላለች። ያን ጊዜ ሞላሰስ ቢመጣም ባይመጣም እውነቱን ታውቃለች።

ኬዝያ ተነሳች። ወንበሯን አዙራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተቀመጠች። ከፊት ለፊቷ የቀን መቁጠሪያና የተላጠ ቀለም ብቻ ነበር የሚታያት። እናቷም አክስት ግሌኒስም ማርሊም ከጀርባዋ ሆኑ።

ምንም አልመጣም። ማርሊ አልደወለች ይሆናል። ደረጃውን ወርዳ ሄዳ ይሆናል። ወይም ደውላለች፣ ሞላሰስ ግን ደክሞታል፤ መናገሩን ትቶታል፤ አሁን ከኋላዋ ሁሉም በሐዘን እየተያዩ ይሆናል። ዞር ብላ የአንዱን ፊት ብታይ ታውቀው ነበር። አንገቷ ሊዞር ሲል መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ ጫነቻቸው። ፈርታ ነበር፤ ቢሆንም አልዞረችም።

ጣቶቿ መሃል ሻካራ እግር ገባ።

ወዲያው ተነሳች። ሞላሰስ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ በእናቷ አጠገብ አለፉ፤ የእናቷን ፊት አላየችም። ውሻው በሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ ጅራቱን ሲያወዛውዝ፣ መጀመሪያ ለሦስተኛው፣ ለሚያሳልፈው ድምፅ ሥጋውን ከከረጢቱ አውጥታ ሰጠችው። ከዚያ በሩን ከፈተች።

ማርሊ ጣቷን ከደወሉ ላይ ገና አላነሳችም። በሌላኛው እጇ፣ «ደውያለሁ» አለች። «እውነቴን ነው፣ በእናትሽ እመኚኝ፣ ደውያለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች ኬዝያ። «ሞላሰስ ነግሮኛል።»

ሌላ ነገር አላለቻትም። ለእናቷ ትንገር አትንገር ገና አልወሰነችም፤ ፍራሹንም ቢጫውንም ፎጣ አልረሳችም። ማርሊ ልግባ አልግባ ብላ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ኬዝያ ውሻውን በአንገት ማሰሪያው ይዛ ከበሩ ፈቀቅ አለችላት።